አምስት ገጽ ከተባለ አምስት ገጽ ነው

ስለ ኦንላይን የአጭር ፊልም ጽሑፍ ውድድር የሚያወራ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያነሳው ሰዓቱን ነው። "በአንድ ሌሊት ጻፍኩት!" "ዓይኔን ሳልከድን ነው ያስገባሁት!" ምናምን። ከመግባቴ በፊት እኔንም ያስፈራኝ እሱ ነበር። ገብቼ ካየሁት በኋላ ግን ሐሳቤን ቀይሬያለሁ። ሰዓቱ ብዙም አያስተምርም። ሰዓት ሲያጥር ሰው እንቅልፍ ይቀንሳል፣ ስልኩን ያጠፋል፣ በቃ። ልክ የሚያስገባው የገጹ ገደብ ነው። 5 ገጽ ከተባለ 5 ገጽ ነው። ስድስተኛው ገጽ ላይ አንዲት መስመር ብታፈተልክ እንኳ ከውድድር ውጪ ልትሆኑ ትችላላችሁ።

ለማያውቀው ሰው አሠራሩን ባጭሩ ላስረዳ። ትመዘገባላችሁ፣ ቀኑን ትጠብቃላችሁ። ቀኑ ሲደርስ ተወዳዳሪው በምድብ በምድብ ይከፈልና ለእያንዳንዱ ምድብ ዕጣው ይላክለታል። ዕጣው አንድ ዘውግ (እንደ ኮሜዲ ያለ የፊልም ዓይነት)፣ አንድ ጉዳይ፣ አንድ ገጸ ባሕርይ ነው። ሌላ ቦታ ደግሞ በጉዳዩ ፈንታ የሆነ ዕቃ ወይም የሆነ ቦታ ይሰጣል። "እኔ አስፈሪ ፊልም አልችልም፣ ቀይሩልኝ" ብሎ ነገር የለም። በደረሳችሁ ትጽፋላችሁ፣ ስማችሁን ከፋይሉ ላይ ታጠፋላችሁ፣ ሰዓቱ ሳይሞላ ትልካላችሁ። ዳኞቹ ማን እንደጻፈው ሳያውቁ ያነባሉ።

ከእነዚህ ውድድሮች መካከል በጣም ከሚታወቁት አንዱ ኤንዋይሲ ሚድናይት ነው። የእሱ የስክሪፕት (የፊልም ጽሑፍ) ውድድር ለዓመታት በቆየው አሠራሩ መጀመሪያ ዙር ላይ 8 ቀን ሰጥቶ እስከ 12 ገጽ ይፈቅዳል። ሁለተኛው ዙር 3 ቀንና 8 ገጽ ነው። የመጨረሻው 24 ሰዓትና 5 ገጽ። ሰው ይህን ሲሰማ "24 ሰዓት!" ብሎ ይደነግጣል። እስቲ ግን አካፍላችሁ እዩት። 12 ገጽ በ8 ቀን ማለት በቀን አንድ ገጽ ተኩል ነው። 8 ገጽ በ3 ቀን ደግሞ በቀን ሦስት ገጽ እንኳ አይሞላም። ስክሪፕት ገጹ ክፍት ክፍት ነው፣ ግማሹ ባዶ ቦታ ነው። ይህንን ቁጭ ብሎ መተየብ ማንንም አያቅትም። ጣጣው ያለው ሌላ ቦታ ነው። ዙሩ በጨመረ ቁጥር ገጹም አብሮ እየጠበበ ይሄዳል፣ ታሪኩ ግን ያው መጀመሪያ፣ መሐልና መጨረሻ ያለው ሙሉ ታሪክ መሆን አለበት።

የዚህ ተቃራኒ የሆነ ነገርም ነበር። ስክሪፕት ፍሬንዚ ይባላል፣ እ.ኤ.አ. በ2012 አብቅቷል። እዚያ የሚጠየቀው በኤፕሪል ወር ውስጥ 100 ገጽ መጻፍ ነበር። ዳኛ የለም፣ ሽልማት የለም፣ 100 ገጽ ከሞላ ጨርሰሃል። ጥሩ ነገር ነው፣ መጀመር ላቃተው ሰው እጅ ማፍታቻ ይሆናል። ግን ልዩነቱን አስቡት። "ከዚህ አታሳንስ" ሲባል ሰው ይሞላል፤ ገጸ ባሕርያቱ ሰላምታ ይለዋወጣሉ፣ ስለ አየሩ ያወራሉ፣ መኪና ያቆማሉ፣ ደረጃ ይወጣሉ። "ከዚህ አታስበልጥ" ሲባል ግን እነዚያ ሁሉ ይሄዳሉ። ያኔ ነው የያዛችሁት ነገር ታሪክ ይሁን ወሬ የሚታወቀው።

ወደ ራሴ ልምጣ። የገባሁበት አነስ ያለ ውድድር ነው፣ ቅዳሜና እሑድን የሚይዝ፣ ባለ 5 ገጽ። የደረሰኝ ዕጣ፦ ኮሜዲ፣ ይቅርታ፣ የሌሊት ዘበኛ።

ኮሜዲ! እኔና ኮሜዲ በሰላምታ ብቻ ነው የምንተዋወቀው። የምጽፈው ሁሉ አንድ ሰው መስኮት ላይ ቆሞ የሚያስብበት ዓይነት ነገር ነው። ኢሜይሉን ደጋግሜ ከፈትኩት፣ ምናልባት ይቀየር እንደሆነ ብዬ። አልተቀየረም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናገር፣ ለሚገባ ሰው ይጠቅማል። መጀመሪያ የመጣላችሁን ሐሳብ አትመኑት። እናንተ ያገኛችሁትን ዕጣ የምድቡ ሰው ሁሉ አግኝቶታል፣ ያንኑ ሦስት ነገር ሲያይ ጭንቅላቱ ውስጥ የሚመጣውም ያው ነው። ዘበኛ እንቅልፍ ወሰደው፣ ሌባ ገባ፣ ጠዋት አለቃውን ይቅርታ ጠየቀ። ይህንን እኔም አስቤዋለሁ፣ ዳኛውም አሥር ጊዜ ሊያነበው ነው። ሁለተኛውም ሐሳብ ብዙ አይርቅም። ስለዚህ የመጀመሪያውን ቀን ግማሽ ምንም ሳልጽፍ "ማን ነው ማንን ይቅርታ የሚጠይቀው?" የሚለውን ብቻ ሳገላብጥ ዋልኩ። ዘበኛው ጠያቂ ካልሆነስ? ወይም ጠያቂም ሆኖ መጠየቅ ባይችልበትስ?

በመጨረሻ የወጣው ሎግላይን፣ ማለትም የታሪኩ ባጭር ማጠቃለያ፣ ይህ ነው፦ ከሥራ የተባረረ ሰው አለቃው ጠረጴዛ ላይ ጥሎት የሄደውን የስድብ ደብዳቤ ሳይነበብ ሊያነሳው በሌሊት ተመልሶ ይመጣል፤ ዘበኛው ግን የሚያስገባው ለሚስቱ የይቅርታ መልእክት ከጻፈለት ብቻ ነው።

ይህቺን ሁለት መስመር ስጽፍ ደስ አለኝ፣ አልዋሽም። ስድብ የጻፈ እጅ ይቅርታ ሊጽፍ ነው። ቦታው አንድ በር ላይ ነው፣ ሰዎቹ ሁለት ናቸው፣ ጠዋት አለቃው ስለሚመጣ ሰዓትም አለበት። 5 ገጽ የሚበቃው ይመስላል አይደል? አይበቃውም።

ምክንያቱም ስክሪፕት ከልብ ወለድ የሚለይበት ነገር አለ፣ ሁሉም ያውቀዋል ግን ሲጽፍ ይረሳዋል። የማይታይና የማይሰማ ነገር መጻፍ አይቻልም። ልብ ወለድ ላይ "ዘበኛው ከሚስቱ ጋር በመጣላቱ ጸጸት ሲያንገበግበው አደረ፤ በሕይወቱ ማንንም ይቅርታ ጠይቆ አያውቅም" ብዬ ማለፍ እችላለሁ። ያምራልም። ስክሪፕት ላይ ግን ይህ ምንም ማለት አይደለም። ካሜራው ምን ይቅረጽ? ተዋናዩ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ የተጸጸተ ፊት ቢያሳይ የሆድ ቁርጠት ይሁን ጸጸት ማን ያውቃል? ስለዚህ ያ ዓረፍተ ነገር ወጥቶ የሚከተለው ገባ፦

ውስጥ። የቢሮ ሕንፃ መግቢያ። ሌሊት።

ዘበኛው ስልኩን ያወጣል። ይጽፋል። ያጠፋል። ይጽፋል። ያጠፋል። ስልኩን ኪሱ ይከታል። የእጅ ሬዲዮውን አንስቶ ወደ አፉ ያስጠጋል፣ አውራ ጣቱ የመናገሪያውን ቁልፍ ተጭኗል።

ዘበኛው፦ ስሚኝማ... ትናንት ያልኩሽን ነገር... አይ፣ እንዲህ አይባልም። የኔ እመቤት፣ እኔ እኮ...

ጣቱ ይላላል። ሬዲዮው ይንኮሻኮሻል።

የሬዲዮ ድምፅ፦ እዚህ ሦስተኛ ፎቅ። እኔ ይቅር ብዬሃለሁ። ቁልፉን ግን ሁለተኛ አትጫነው።

በቃ ይህችው ናት። ከሚስቱ ጋር እንደተጣላ ታወቀ። ይቅርታ መጠየቅ እንደማይችልበት ታወቀ። ላይ ሌላ ዘበኛ እንዳለም ታወቀ፣ እሱ ደግሞ በኋላ ያስፈልገኛል። ማንም ለማንም ያስረዳው ነገር የለም። ኮሜዲውም የመጣው ከዚሁ ነው፣ ቀልድ ፈልጌ ያመጣሁት አይደለም። ጸጸቱን የሚታይ አድርጌ ለማምጣት ስታገል ሰውዬው ራሱ አሳቀኝ። ኮሜዲ አልችልም የምትሉ ካላችሁ በዚህ በኩል ሞክሩት። የሚያሳዝነውን ነገር ያዙና ሰውዬው እንዲደብቀው አድርጉ፣ ከዚያ መደበቁ አይሳካለት።

አሁን ወደ ገጹ። ስክሪፕት የሚጻፈው በኩሪየር ፎንት ነው፣ መጠኑ 12። የታይፕራይተር ፎንት ነው፣ ሁሉም ፊደል እኩል ስፋት ይይዛል፣ በአንድ ኢንች ውስጥ 10 ፊደል። ግራው ኅዳግ ከቀኙ ይሰፋል፣ አንድ ኢንች ተኩል ነው፣ ወረቀቱ ተበስቶ የሚያያዘው በዚያ በኩል ስለነበር። አንድ ገጽ በግምት 55 መስመር ይይዛል። ይህ ሁሉ አሮጌ ነገር እስከ ዛሬ የቆየው ያለ ምክንያት አይደለም። በዚህ መልክ የተጻፈ አንድ ገጽ በፊልም አንድ ደቂቃ ገደማ ይሆናል ተብሎ ይታሰባል። ግምት ነው እንጂ ሕግ አይደለም። "ከተማው ተቃጠለ" የምትል መስመር ሩብ ሰዓት ልትወስድ ትችላለች፣ አንድ ገጽ ሙሉ ጭቅጭቅ ደግሞ በአርባ ሰከንድ ያልቃል። ግን 5 ገጽ ሲባል "የ5 ደቂቃ ፊልም ጻፍልን" ማለታቸው መሆኑን ካወቃችሁ ብዙ ነገር ይቀላል። በነገራችን ላይ የኦስካር ደንብ አጭር ፊልም የሚለው እስከ 40 ደቂቃ ድረስ ያለውን ነው፣ የስም ዝርዝሩን ጨምሮ። 5 ደቂቃ ከዚያ አንጻር ምንም አይደለችም።

ፎርማቱን በእጅ ለማስተካከል አትድከሙ። ፋይናል ድራፍት የሚባለው ሶፍትዌር በሙያው ሰዎች ዘንድ የታወቀ ነው ግን ይከፈልበታል። ትሬልቢ በነፃ ይገኛል። ፋውንቴን የሚባል አጻጻፍም አለ፣ በማንኛውም ተራ የጽሑፍ ፕሮግራም ትጽፉና በኋላ ወደ ስክሪፕት መልክ ይቀየራል። ኅዳጉን ትንሽ ገፋ፣ ፎንቱን ትንሽ ቀነስ አድርጌ ሰባቱን ገጽ አምስት አደርጋለሁ የሚል ሰው ደግሞ ይኖራል። ቀኑን ሙሉ ስክሪፕት የሚያነብ ሰው ይህንን ገና ገጹን ሲከፍት ያየዋል፣ ባትሞክሩት ይሻላል።

የእኔ የመጀመሪያ ረቂቅ ሰባት ገጽ አልፎ ነበር። ቅነሳው ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው የመስመር ቅነሳ ነው፣ እሱ የስስት ሥራ ነው። ለምሳሌ "እሺ" የምትለዋን ቃል ውሰዱ። አንድ ሰው "እሺ" ቢል ስክሪፕት ላይ ሦስት መስመር ይበላል፦ ስሙ አንድ መስመር፣ "እሺ" አንድ መስመር፣ ከሥሩ ባዶ መስመር። አሥር "እሺ" ካላችሁ ግማሽ ገጽ ሄደ። የእኔ ሰዎች ለካ ቀኑን ሙሉ እሺ ሲባባሉ ነው የዋሉት! ሁሉንም አወጣኋቸው፣ ማንም አልጎደለበትም። ሌላው ደግሞ አንቀጹ መጨረሻ ላይ አንዲት ቃል ብቻዋን ወደ አዲስ መስመር ወርዳ የምትቀመጥበት ነው። ከላይ ሁለት ፊደል የሚያጥር ቃል ብትፈልጉላት መስመሩ ይመለስላችኋል። እሑድ ከሰዓት እንደዚህ ዓይነት ብቸኛ ቃላት ሳሳድድ ነው የዋልኩት፣ እብድ ነው የምመስለው።

ሁለተኛው ቅነሳ ያማል። መስመር በመስመር እየለቀማችሁ ስድስት ገጽ ላይ ትደርሳላችሁ፣ ከዚያ ወዲያ ንቅንቅ የለም። ያኔ አንድ ነገር ከነሥሩ መነቀል አለበት። የእኔ አለቃውዬው ነበር። ጠዋት ይመጣል፣ ደብዳቤውን ያገኘዋል፣ ያነበዋል፣ የሚጣፍጥ ንግግር ያደርጋል። ገጽ ተኩል የሚሆን፣ ጽፌው እየሳቅኩ ያነበብኩት ንግግር ነው። እሱ ወጣ ማለት ግን መጨረሻዬ ወጣ ማለት ነው። ደብዳቤውን የሚያነብ ሰው የለኝም። የማስረከቢያው ሰዓት እየተቃረበ ነው፣ ስክሪፕቴ መጨረሻ የለውም፣ የቀረኝም ቦታ ከግማሽ ገጽ አይበልጥም።

አዲስ ሰው ማምጣት አይቻልም፣ ቦታ የለም። ስለዚህ ያሉኝን ሰዎች ቆጠርኩ። ዘበኛው፣ የተባረረው ሰውዬ፣ እና... ሦስተኛ ፎቅ ያለው ድምፅ! እሱ እኮ ሌሊቱን ሙሉ ቢሮ ለቢሮ እየዞረ ነው። ደብዳቤውን ሊያገኘው ይችላል። እናም እንዲህ አለቀ፦ የይቅርታው መልእክት ለሚስትየዋ ይላካል፣ ሁለቱ ሰዎች ሊፍት ሊገቡ ሲሉ ሬዲዮው ይንኮሻኮሻል፣ ድምፁ ከደብዳቤው አንድ መስመር ያነባል፣ ጸጥ ይላል፣ ከዚያ "ይህንን የጻፈው ልጅ እዚያ ካለ ለእኔም አለቃ አንድ ይጻፍልኝ" ይላል።

ከአለቃው ንግግር በአሥር እጥፍ ይሻላል። 8 ገጽ ቢሰጠኝ ኖሮ አላገኘውም ነበር፣ አለቃዬን ታቅፌው እቀመጥ ነበር። ሰዓቱ ነው የሚያስተምረው ለሚሉ ሰዎች የምመልሰው ይህንኑ ነው። ሰዓቱማ "ተወው፣ እንዳለ ላከው" ነበር የሚለኝ።

አስገባሁት። ማስገባቱ ላይ አንድ ምክር ብቻ፦ ፋይሉን ወደ ፒዲኤፍ ከቀየራችሁ በኋላ ከፍታችሁ እዩት፣ አንዳንዴ ሲቀየር መስመር ይገፋና አምስቱ ገጽ ስድስት ይሆናል። የርዕሱ ገጽ ላይም ስማችሁ አለመኖሩን አረጋግጡ። የመጨረሻዎቹን ደቂቃዎች አትጠብቁ፣ ሁሉም ሰው በዚያ ሰዓት ነው የሚልከው።

ከውጤቱ በፊት ያለው ጊዜ ነው ለእኔ የጣመኝ። ማስረከቢያው ካለፈ በኋላ ተወዳዳሪው የጻፈውን አውጥቶ እርስ በርስ ይነባበባል። የምድቤ ሰው ሁሉ ያው ኮሜዲ፣ ያው ይቅርታ፣ ያው ዘበኛ ነው ያለው። አንዱ ዘበኛውን መቃብር ስፍራ አስቀምጦት ሌሊት ሌሊት እያንዳንዱን ሟች በስሙ ይቅርታ ያስጠይቀዋል፣ ዛሬ እንግዳ ስለሚበዛ ትረበሻላችሁ ብሎ። ሌላዋ ዘበኛ የሆነው ውሻው ነው ብላ ይቅርታውን ያለ አንድ ቃል ምልልስ ጨርሳዋለች። ምልልስ ከሌለ ደግሞ ስም የለም፣ ባዶ መስመር የለም፣ ገጹ ሁሉ የእሷ ነው። እኔ "እሺ" እየለቀምኩ ስውል እሷ ችግሩን ከሥሩ ነቅላዋለች። ይህንን ሳነብ ቀናሁ።

የዳኞቹ አስተያየት በኋላ መጣ። ደህና ውድድር ከሆነ የወደዱትንም መስተካከል ያለበትንም ለየብቻ ይጽፉላችኋል። አንደኛው ዳኛ ስክሪፕቱ ውስጥ ካሉት ሁሉ የወደደው ሦስተኛ ፎቅ ያለውን ድምፅ እንደሆነ ጻፈ፣ ሳይታይ መቅረቱ ነው ያሳቀኝ ይላል። ሌላኛው ደግሞ ይህ ሰው መታየት ነበረበት፣ መጨረሻው ላይ ፊቱን ብናይ ጥሩ ነበር ይላል። ሁለቱም እዚያው አንድ ወረቀት ላይ፣ አንዱ ካንዱ ሥር። እንደዚህ ሲሆን ሰው ግራ ይጋባል ይባላል፣ እኔ ግን ሁለቱም የቆሙበትን ቦታ ነው ያየሁት። ሁለት አንባቢ አንድ ነጥብ ላይ ከተጣላ እዚያ ቦታ ላይ የሆነ ነገር አለ ማለት ነው። ሁለቱም ዝም ብለው ያለፉት ገጽ ነው የሚያሳስበኝ። የእኔ ሦስተኛው ገጽ እንደዚያ ነበር፣ ማንም አላነሳውም፣ ወድጄውም ጠልቼውም ያለ የለም። እሱን አሁን እየነካካሁት ነው።

ወደሚቀጥለው ዙር አለፍኩ። እዚያ ታሪካዊ ድራማ ደርሶኝ ወደቅኩ። ስለሱ ብዙ የሚወራ ነገር የለም፣ ሰዎቹ ኮፍያ ያደርጋሉ፣ ያዝናሉ።

ልግባ ወይስ ልቅር ብላችሁ ለምትጠይቁኝ፦ ስክሪፕት ሸጬ ሀብታም እሆናለሁ ካላችሁ ይህ መንገዱ አይደለም። የሚያነባችሁ የማያውቃችሁ ሰው ከፈለጋችሁ ግን ግቡ። ጓደኛ ሲያነብ ያዝንላችኋል፣ ዳኛ አያዝንም። መመዝገቢያ ክፍያ ካለው ከመክፈላችሁ በፊት ደንቡን እስከ ታች አንብቡ፣ በተለይ የጻፋችሁት ነገር መብት የማን እንደሚሆን የሚለውን አንቀጽ። መብቱ ከእናንተ ጋር የሚቆይበት ውድድር ሞልቷል፣ የማይቆይበት ከሆነ ዝለሉት። አስተያየት ይጽፋሉ ወይስ ውጤት ብቻ ነው የሚልኩት የሚለውንም እዩ። ያለ አስተያየት የሚከፈል ገንዘብ ለእኔ ውሃ የበላው ገንዘብ ነው። መቅረጽም የምትወዱ ከሆነ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ ያለ ፎርቲ ኤይት አወር ፊልም ፕሮጀክት የሚባል አለ። እዚያ ዘውግ፣ ገጸ ባሕርይ፣ ዕቃና አንድ የንግግር መስመር ይሰጣችሁና ጽፋችሁ፣ ቀርጻችሁ፣ አቀናብራችሁ በ48 ሰዓት ታስረክባላችሁ። እኔ አልሞክረውም፣ ነገሩ ለቡድንና ለጤነኛ ሰው ነው።

የእኔን ስክሪፕት አንድ የምድቤ ተወዳዳሪ ልቅረጸው ብሎ ጠይቆኛል። አንድ በር፣ ሁለት ተዋናይ፣ አንድ ድምፅ ስለሆነ ወጪው ቀላል ነው። ደስ ብሎኝ ፈቀድኩ። አንድ ነገር ብቻ ነው ያልተስማማነው፦ ሦስተኛ ፎቅ ያለውን ሰውዬ ማሳየት ይፈልጋል። ፊቱን እንኳ ባይሆን እጁን፣ ደብዳቤውን የያዘበትን እጅ ብቻ ይላል። እኔ ደግሞ አይሆንም ብያለሁ። እስካሁን እየተጨቃጨቅን ነው።